የእማዬ ጡረታና ሦስቱ «ሀ»

ከሜሪላንድ አዲስ አበባ የመጣሁት ለሠርግ አልነበረም። አባዬ አርፎ የእማዬን ጡረታ ለማስጨረስ ነው። አባዬ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነበር። «ሳምንት ይበቃል» ብዬ ነበር፤ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ።

አዋጁ፣ ቁጥር 1267/2014፣ ግልጽ ነው። የወታደሩም የሲቪሉም ጡረታ በእሱ ይታያል፤ የሟች ሚስት የባሏን አበል 50 በመቶ ታገኛለች። ጣጣው ግማሹ እጅዋ እስኪገባ ነው።

ወረዳው የሞት ምስክር ወረቀቱን በግማሽ ቀን ሰጠን። ያልጠበቅኩት ነው። ልጆቹ «እማማ፣ ይቀመጡ» እያሉ ወንበር ያቀርባሉ። ለሚስትነት ማረጋገጫው ግን ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረብን። የተጋቡት በሽማግሌ ስለሆነ ወረቀት የለማ። ምስክር የሆኑት ጎረቤታችን ዳኛውን «ድግሱን የበላሁት እኔ ራሴ ነኝ» አሏቸው። ተፈቀደ።

ከዚያ ስሙ መጣ። የአያቴ ስም በሠራዊቱ ማኅደር «ኃይሉ» ነው። መታወቂያው ላይ «ሀይሉ»፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ ደግሞ «ሐይሉ»። የቄስ ትምህርት ቤቱ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በአንድ ሰው ስም ተሰበሰቡ! «ሲስተሙ አይቀበለውም፣ አንድ ሰው መሆናቸውን አረጋግጣችሁ ኑ» ተባልን። የቢሮውን ስም ልተወው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ሁለተኛ ፎቅ፣ የሚቀበለው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። እማዬ ጉልበቷን ይዛ አራት ጊዜ ወጣች፣ ወረደች። አንድ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ ቢወጣ ምን ነበረበት? ለዚህ ከአምስት አንድ እሰጣለሁ፤ እሱም ለጥበቃው፣ እማዬን ደግፎ ስላወጣት።

ነገሩን የፈታችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት። አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ማኅደሩን ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዛገ ስፒል የተያዘ ጉርድ ፎቶ አለ። አባዬ ነው፤ ጢም እንኳ አላበቀለም፣ ቆቡ ጆሮው ላይ ወርዷል። እማዬ «ይሄን እኔም አላውቀው» አለች። ሴትዮዋ ፎቶውንና መታወቂያውን አስተያየችና አንድ ሰው መሆኑን ጽፋ፣ አስፈርማ አመጣችልን።

ፎቶውን እንድትሰጠን ለመንኳት። ከማኅደር አይወጣም አለች። በስልኬ ላንሳው? ግድግዳው ላይ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ተለጥፏል። እሷም ማስታወቂያውን አየችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ሻይዋን መጠጣት ጀመረች።