የእሳትና መብረቅ መድን ላረጀ የኪራይ ጭቃ ቤት፦ ከአምስት ነጥብ ሦስት

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ወይም ሰፈነ ሰላም ሰፈር ቆየት ያለ ጭቃ ቤት ለሚያከራይ ሰው በቅድሚያ የሚቀርብለት መደበኛው የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ ነው። ይጠቅማል፤ ግን የሚሸፍነው የባለቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ነው። የተከራይ አልጋና ቴሌቪዥን አይገባበትም። ግድግዳ ተደርምሶ ተከራዩን ቢጎዳም ይህ ፖሊሲ አይከፍልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ የሚያደርገው ባለቤቱን ነው። ስለዚህ ቤቱ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን ካልተጨመረ ባይፈረም ይሻላል። ሐይቁ ዳር ላለ ቤት ጎርፍም ተለይቶ ይጠየቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግምቱ ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የአሮጌ ቤት ዋጋ አብዛኛው የቦታው ነው፤ ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። የሚመዘገበው ቤቱን መልሶ መሥሪያው ወጪ ነው። አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለውን) ለመቀነስ ብሎ ግምቱን ዝቅ ማድረግም ያስከፍላል፦ መሥሪያው 1,200,000 ብር የሆነ ቤት በ600,000 ከተመዘገበ፣ የተመዘገበው ግማሹ ብቻ ስለሆነ የ300,000 ብር ቃጠሎ ሲደርስ የሚከፈለውም ግማሹ፣ 150,000 ነው።

እርጅና፣ ምስጥና እርጥበት ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። በየክረምቱ ማግስት የማገሩንና የቋሚውን ሥር በቢላዋ ጫፍ መውጋት ቀላል የመጀመሪያ ምርመራ ነው። ቢላዋው ያለ ትግል ከገባ ያ ቋሚ ይቀየር፤ ተከራዩም እስኪጠገን ከዚያ ክፍል ይውጣ።

ለእሳት የሚያሰጋው ምጣዱ ነው። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። የድሮ ቤቶች ሽቦ ብዙውን ጊዜ ለአምፖል ታስቦ የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ የሚግለው መገጣጠሚያው ነው፤ በናስትሮ ተጠቅልሎ ከማዳበሪያ ኮርኒስ በላይ ስለሚቀመጥ ማንም አያየውም። ናስትሮው ከጠነከረና ከጠቆረ ግሏል ማለት ነው። መፍትሔው ከቆጣሪው ቀጥታ ለምጣዱ ብቻ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ከ20 አምፔር ብሬከርና ከግራውንድ ጋር መዘርጋት ነው። በድሮው ሽቦ ላይ ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወረደ ብሎ በ32 አምፔር መቀየር ግን ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ያደርገዋል።

ጓሮ ያለው ተከራይ አረቄ ማውጣት ከጀመረ ለመድን ድርጅቱ በደብዳቤ ይነገር፤ ቅጂውም ማኅተም ተመቶበት ይያዝ። ዝም ከተባለ፣ ቃጠሎ ሲደርስ መጀመሪያ የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው።