የአያቴን ንቅሳት ያልነካ ፎቶ ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ፎቶ የሚያድሱ ቤቶች አሉ። ፊት ያለሰልሳሉ፣ ቀለም ይጨምራሉ፣ አሳድገው ያጥባሉ። ጊዮርጊስ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለችው ትንሽ ፎቶ ቤት ግን ትለያለች። እዚያ የሚሠራው ልጅ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «እነማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህች ጥያቄ ስል ነው ይህን የምጽፈው።

ይዤ የሄድኩት የእናቴን አልበም ነው። ገጹ ሙጫ ያለው፣ ላዩ በላስቲክ የሚሸፈን፣ ብዙ ቤት የሚገኘው ዓይነት። ያ ሙጫ ከጊዜ ብዛት ፎቶ ያበላሻል፤ አንዴ ከያዘም አይለቅም። ልጁ ምንም ነገር በጉልበት አልገነጠለም። ቀጭን የጥርስ ክር ከጀርባ እያሳለፈ ቀስ ብሎ አላቀቀ። እምቢ ያሉትን ከነገጻቸው ስካን አደረጋቸው። በእርጥበት መስታወት ላይ የተጣበቀውንም የአባቴን ፎቶ ከነመስታወቱ አነሳው።

በጣም የተጨነቅኩት ለአያቴ ፎቶ ነበር። አያቴ የዘጌ ሰው ናት። ያለን ፎቶዋ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፊቷ ላይ ተሰንጥቋል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሰጥቼው በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) አድሰው መለሱልኝ። የአንገቷን ንቅሳት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አጥፍቶታል። ዓይኗም የእሷ አይደለም። እናቴ አየችና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የጠፋውን የሚሞላው ከሌሎች ሰዎች ፊት ገምቶ ነው። ያማረ ፊት ይሰጣችኋል፤ የእናንተ ሰው ግን አይደለም። እዚህ ስንጥቁ ብቻ በእጅ ተሞላ፣ ንቅሳቱ በቦታው አለ። ያልተነካውን ስካን ለብቻ፣ የታደሰውን ለብቻ ሰጠኝ።

የፎቶዎቹን ጀርባም ስካን ያደርጋል። «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈው፣ የፎቶ ቤቱ ማህተም፣ ቀኑ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው።

አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው የቆመበት ፎቶ ቤተሰቡን ሲያከራክር ኖሯል። አክስቴ «የአባትሽ ታላቅ ወንድም ነው» ትላለች፣ እናቴ «ታናሽየው ነው» ትላለች። ልጁ ምስሉን ሲያጎላው ከሰውየው ኋላ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሕንፃ ወጣ። ፖሊ ቴክኒኩ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ያረፈው ደግሞ በ1951። አክስቴ ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያ የአያ ፎቶ እኛ ቤት የለም ማለት ነው» አለች። አሁን ከዘመድ እያፈላለግን ነው።

ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ስታስጽፉ የአባት ስም፣ የክርስትና ስምና የቤት ስም አንድ ላይ ይሁኑ። አክስቴ ግማሹን ዘመድ የምታውቀው በቤት ስሙ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል አስጽፉ። ዓመቱ ላይ «ዓ.ም.» እንዳይቀር። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ውጭ ያደጉ ልጆቻችን 1966ን በፈረንጅ ቆጥረው ሰባት ስምንት ዓመት ሊሳሳቱ ይችላሉ። በፎቶው ጀርባ ራሳችሁ ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፎቶው ፊት ይዘልቃል።

ቅር ያሰኘኝም አለ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ መያዣ የለውም። ፊቶቹን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መውጣት አይችሉም። እናቴን ታች ካፌ አስቀምጬ በስልክ ነው ያነጋገርኳት። መደርደሪያው ላይም ያንኑ ባለሙጫ አልበም ይሸጣሉ። ሥራቸውን እንዲህ ከሚያውቁ ሰዎች አልጠበቅኩም። አትግዙ።

ፋይሉን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከላኩላችሁ ጥራቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጉርድ ፎቶ ካላችሁ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) እንዲያነሳው ንገሩት፤ ዝም ካላችሁት ዝቅ አድርጎ ያነሳል። ስካን በፎቶ 50 ብር ነው። እድሳቱ እንደ ጉዳቱ ይለያያል፤ ለአያቴ 700 ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝም። ቅዳሜ ገበያተኛው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ስለሚሰለፍ ልጁ አረፍ ብሎ አያነጋግራችሁም። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።