ለሃይሉክስ የቱ ይቅደም፦ የአየር ማስገቢያው ወይስ ማርሚታው?

ሃይሉክስ ያላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ትንሽ ብር አጠራቅመዋል። መኪናው ዳገት ላይ እንዲበረታላቸው ይፈልጋሉ። ታዲያ የአየር ማስገቢያውን ይቀይሩ ወይስ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫ ቱቦውንና የድምፅ ማፈኛውን? አቧራማ መንገድ ለሚመላለስ ሰው መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ አየር ማስገቢያው ይቅደም።

በመጀመሪያ ግን ኮፋኖውን ክፈቱና የትኛው ሞተር እንዳላችሁ እወቁ። የድሮዎቹ 3ኤል እና 5ኤል ናፍጣዎች ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የላቸውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። ያንን የሚመልስ ፊልትሮም (የአየር ማጣሪያ) ማርሚታም የለም። በነዚህ ሞተሮች ላይ ለጉልበት ብላችሁ ብዙ ብር አታውጡ።

2.5 ሊትሩ 2ኬዲ፣ 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የመጡት 2.4 እና 2.8 ሊትር ጂዲዎች ቱርቦ አላቸው። ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታውን በደንብ ይቋቋሙታል። ነገር ግን የሚረጨውን ናፍጣ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። አየር ስለበዛ ብቻ ናፍጣ አይጨምርም። ስለዚህ ፊልትሮ ቀይሮ ብቻ ትልቅ ጉልበት አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ፊልትሮ እንምጣ። የፋብሪካውን የወረቀት ፊልትሮ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን አከብረዋለሁ። ደቃቅ አቧራ በመያዝ ብዙ ጊዜ በዘይት ከሚረጥበው የጥጥ ፊልትሮ ይበልጣል። የጥጡ ጥቅም እየታጠበ ዓመታት ማገልገሉና አየር በቀላሉ ማሳለፉ ነው። አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ነገር አቧራም ሊያሳልፍ ይችላል። ዘይቱ ከበዛ ደግሞ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ያቆሽሸዋል። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚውል መኪና ችግር የለውም። ወደ አፋር ወይም ወደ ኦሞ በኮረኮንች ለሚጓዝ ግን አልመክረውም። የገባ አቧራ የቱርቦውን ምላስ ይበላል፣ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለንን ሞተር እንደ ዓይናችን ብሌን መጠበቅ አለብን።

ወረቀቱን ስታጸዱ ተጠንቀቁ። ጎሚስታው ኮምፕረሰሩን በሙሉ ኃይል ሲለቅበት ወረቀቱ ይቀደዳል። ንፋሱ ቀስ ያለ ይሁን፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይነፋ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ውስጡ አብርታችሁ በውጭ በኩል እዩት። የብርሃን ነጥብ ካያችሁ ተቀዷል ማለት ነው፤ ጣሉት።

ኮፋኖ ሥር ተከፍቶ የሚቀመጠው ሾጣጣ ፊልትሮ ድምፁ ያምራል። ሌላ የምለው በጎ ነገር የለኝም። የሞተሩን ትኩስ አየር ነው የሚስበው፤ ትኩስ አየር ደግሞ ስስ ነው። አቧራውም ውሃውም ያገኘዋል።

ብሬን የማወጣው ለስኖርክል፣ ማለትም ከመኪናው ጎን ወደ ላይ ለሚቆመው የአየር ማስገቢያ ቱቦ፣ ነው። ብዙ ሰው ወንዝ ለመሻገር ብቻ ይመስለዋል። ለኛ ዋናው ጥቅሙ አቧራ ነው። ከፊት የሚሄድ መኪና የሚያስነሳው አቧራ ታች ይወፍራል፣ ላይ ይሳሳል። ስኖርክል የአየሩን አፍ ጣሪያ ድረስ ያወጣዋል። ጫፉ ላይ አቧራ የሚያሽከረክር ሳህን ያለው ማጣሪያ ከተጨመረበት ከባዱ አቧራ ፊልትሮው ጋ ሳይደርስ ሳህኑ ውስጥ ይቀራል። ፊልትሮውም ዕድሜው ይረዝማል። እንዲህ ያለው ጫፍ አየሩን ትንሽ ስለሚይዘው ረጅም አስፋልት ላይ በተራው ጫፍ መለወጥ ጥሩ ነው።

ስትገዙ አትሸወዱ። ለውበት ብቻ ፓራፋንጎው ላይ የሚለጠፍ፣ ከፊልትሮው ቤት ጋር የማይገናኝ ስኖርክል አለ። በትክክል የተገጠመው ላሜራው ተበስቶ፣ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይዝግ ቀለም ተቀብቶ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ተደፍኖ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ዝጉት። ሞተሩ ሊጠፋ ካልተንገዳገደ በሌላ ቦታ አየር ይስባል ማለት ነው። አየር የሚስብበት ቀዳዳ ወንዝ ውስጥ ውሃ ይስባል።

ማርሚታ መቀየር ትርጉም የሚኖረው ቱርቦ ላለውና ጭነት ለሚያበዛ ነው። ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ሲሰፋ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል፣ የጭሱም ሙቀት ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ የአባይን በረሃ ወደ ደጀን የምትወጡ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 3 ኢንች፣ ማለትም 76 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ቱቦ ነው። ከዚህ ጋር የሚፎካከረው እዚሁ ጋራዥ የሚሠራው ዘዴ ነው፤ ማርሚታውን ቆርጦ ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ። ርካሽ ነው። ግን ጩኸቱ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ረጅም መንገድ ላይ ጭንቅላት ይበጠብጣል፤ ጎረቤትም ይረበሻል። ዝምተኛ ማርሚታ ያለው ሰፊ ቱቦ ይሻላል።

መኪናው ጥቁር ጭስ ስለሚያወጣ ብቻ ማርሚታ የምታስቡ ከሆነ ግን ቆዩ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በልጦ መግባቱን ነው የሚናገረው። የተደፈነ ፊልትሮ፣ ከቱርቦው የሚወጣ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ወይም ያረጀ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው ክፍል) ይሆናል። እነዚህን ማስፈተሽ ከአዲስ ማርሚታ እጅግ ይረክሳል።

ማርሚታ ካሠራችሁ የመታጠፊያውን ቦታ እዩ። ቱቦው ሲታጠፍ ከተጨማደደ ጠቧል፤ የሰፋው ሁሉ ዋጋ የለውም። ማንጠልጠያዎቹ ጎማ ይሁኑ፤ ድርቅ ብሎ የተበየደ ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል። ከጋራዡ ሳትወጡ ሞተሩን አስነስታችሁ መስኮቱን ዝጉና ጋቢና ውስጥ ትንሽ ተቀመጡ። የጭስ ሽታ ከገባ መልሰው ይበይዱት፤ በዚያ ሁኔታ ልጆች ጭናችሁ እንዳትወጡ።