ከጉልበቷ በፊት አካሄዷን ላየችልን ፊዚዮቴራፒስት

እማዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀራት ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት ግን እሑድ እሑድ መቅረት ጀመረች። ጉልበቷ ነው። 67 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ስትወርድ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ በጎኗ ነበር የምትወርደው።

ያልሞከርነው የለም። ወጌሻ አሽቷታል። ጠበል ገብታለች (እሱን አሁንም አልተወችም፤ እኔም ተይ አልላትም)። አንድ ሱቅ ማግኔት አለው ያሉትን የጉልበት ማሰሪያ በውድ ሸጠውልናል። አንድ ሕክምና ቤት ደግሞ አስተኝተው ራጅ አነሷትና «የዕድሜ ነው፤ ብዙም አልተጎዳም» ብለው ማስታገሻ ጽፈው ሸኙን። መድኃኒቱ ጨጓራዋን አቃጠላት። ጉልበቷ እንዳለ ነው።

ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለዚህች ልጅ ነገረኝ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ «ስልኬ መተንፈሻ ያጣል» ብላ ለምናኛለች። ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ በእንቅስቃሴና በስፖርት የምታክም ባለሙያ። እማዬ «ዶክተር» ስትላት «ዶክተር አይደለሁም እትዬ» ትላታለች፤ እማዬ ግን አልሰማችም።

የመጀመሪያው ቀን አልጋ ላይ አስተኝታ ጉልበቷን ትጫናለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እትዬ፣ እስቲ እዚያ ጥግ ድረስ ሄደው ይመለሱ» አለቻት። ሄደች። «አንዴ ይድገሙልኝ።» ደገመች። ከፊት አየቻት፣ ከኋላ አየቻት፣ ከጎን አየቻት። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብሰብ አስደርጋ በእኔ ስልክ ቀረጸቻት። እማዬ ሳቀች፤ «ልጄ፣ ለቁንጅና ውድድር ነው እንዴ?»

ቪዲዮውን አዘግይታ አሳየችን። ቀኝ እግሯ መሬት በረገጠ ቁጥር ጉልበቷ ወደ ውጭ ሸርተት ብሎ ይመለሳል። በየእርምጃው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ስኖር አላየሁትም።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ሀኪም አስጽፈን፣ ቆማ ከዳሌዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የተነሳችውን ራጅ ይዘን መጣን። ተኝታ ስትነሳ ክፍተት የነበረው የጉልበቷ የውስጥ ጎን፣ ቆማ ስትነሳ አጥንት ላጥንት ሊነካካ ምንም አልቀረው። ልጅቷ ክር አወጣች። አንዱን ጫፍ የዳሌው መገጣጠሚያ መሃል ላይ፣ ሌላውን ቁርጭምጭሚቱ መሃል ላይ ይዛ ወጠረችው። ቀጥ ባለ እግር ላይ ክሩ በጉልበቱ መሃል ወይም እዚያው አካባቢ ያልፋል። የእማዬ ግን መሃሉን ትቶ ወደ ውስጥ ርቆ አለፈ።

እኔ የግንባታ ፎርማን ነኝ። ቱንቢ ስጥል ነው የኖርኩት። ዓምድ ከቱንቢ ከወጣ ጭነቱ ባንድ ጎን እንደሚያርፍ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። የእናቴን እግር ግን አንድም ቀን እንደዚያ አስቤው አላውቅም። ቀጥ ባለ እግር እንኳ ስንራመድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭነት የሚያርፈው በጉልበት የውስጥ ጎን ነው አለችኝ። እግሩ እንደ ደጋን ወደ ውጭ ከጎበጠ ይብሳል። የውስጥ ጎኑ ሲያልቅ እግሩ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ደግሞ ያው የውስጥ ጎኑ ያልቃል። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አገኘሁ፤ የጉልበታቸው መገጣጠሚያ ማለቅ ከጀመረ ሰዎች መካከል፣ እግራቸው እንዲህ በጎበጠው ላይ የውስጡ ጎን በ18 ወር ውስጥ የመባባሱ ዕድል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። ከዘራዋን ከመርካቶ የገዛሁላት እኔ ነኝ። በቀኝ እጇ፣ በሚያማት በኩል፣ ያስያዝኳትም እኔ ነኝ። ለካ በግራ ነው! ቀኝ እግር ብቻውን ሲቆም ሰውነት በግራ በኩል ድጋፍ አጥቶ ይንጠለጠላል፤ ከዘራው የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ርዝመቱም ልክ አልነበረም። እጇን ዘና አድርጋ ስትቆም እጀታው የእጅ አንጓዋ ላይ መድረስ አለበት። ሳይት ወስጄ 7 ሴንቲ በመጋዝ ቆረጥኩለት።

በጣም የወደድኩላት ግን ያልነካችው ነገር ነው። እማዬ ስትራመድ ወደ ቀኝ ወዝወዝ ትላለች። «ቀጥ ብለሽ ሂጂ እንጂ» እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ልጅቷ «አይቆጧቸው፤ ሰውነታቸው ጭነቱን ከጉልበታቸው ላይ ለማንሳት ያገኘው ዘዴ ነው» አለችኝ። የእግሯን ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ከፈት አድርጋ መርገጧንም በዚያው ምክንያት ተወችው። መወዝወዙ ወገቧን እንዳይጎዳ መጀመሪያ ሌላ መደገፊያ እንስጣቸው አለች። ከዘራው በቦታው ሲሆን፣ ጡንቻዋም ሲጠነክር፣ ውዝዋዜው ማንም ሳይናገራት ቀነሰ።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ የውጭ ጠርዙ ወፈር ያለ የጫማ ሶል ልካልን ነበር። ይዤላት ሄድኩ። ልትሸጥልኝ የምትፈልገው ሌላ ነገር ቢኖር ኖሮ ያኔ ነበር የማውቀው። «ጭነቱን ትንሽ ይቀንሳል፤ ህመሙን ግን ብዙም ሲቀንስ አልታየም። ከተመቻቸው ያድርጉት፤ ሌላ ግን እንዳይገዙ» አለች።

ስፖርቱ እቤት የሚሠራ ነው። ከወንበር እጅ ሳያስደግፉ መነሳትና መቀመጥ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳት። ሲቀል፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ በፌስታል አድርጎ ቁርጭምጭሚት ላይ ማንጠልጠል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ የታመመው። ክብደትም አለ፤ 1 ኪሎ ሲቀንሱ ጉልበቱ በየእርምጃው 4 ኪሎ ያህል ይቀልለታል። እማዬ 5 ኪሎ ቀንሳለች። «ጾሙ ነው» ትላለች፤ እኔ ጣፋጭ ሻይዋን ስለተወች ነው እላለሁ።

ስግደቱ አስቸግሮን ነበር። ልጅቷ «እሱን እኔ አልከለክልም፤ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ» አለች። እሳቸውም ቆመሽ ጎንበስ በዪ ብለዋታል።

እንዳትሳሳቱ፣ እግሯ አልቀናም። አይቀናምም። ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራናለች፤ አንድ ቀን የጉልበት ቅየራ ሊያስፈልግ ስለሚችል የአጥንት ሀኪም እንዲከታተላት ልካናለች። ዘጠኝ ቀጠሮ ሄደናል። ድሮ ሦስት ቦታ አርፋ የምትወጣውን ደረጃ አሁን አንዴ አርፋ ትወጣዋለች። ሌሊት ጉልበቷ አይቀሰቅሳትም። እሑድ እሑድም ቤት አናገኛትም።

ቅሬታ ካላችሁኝ፣ አለኝ። ቀጠሮ 3 ሰዓት ከተባላችሁ 4 ሰዓት ነው የምትገቡት። ክፍሉም 2ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የጉልበት በሽተኛ የሚታከምበት ቤት! ስነግራት «ኪራዩ ነው ወንድሜ» አለችኝ።

የምትፈልጓት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ስልኳን እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የዘወትር ጫማችሁን አድርጉ፤ የክት ጫማ አይደለም፤ በእሱ ነው የምታየው። ራጅ ካላችሁ ቆማችሁ የተነሳችሁትን ያዙ። ከዘራም ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

እማዬ ደግሞ ለልጅቷ አንድ መልእክት አለኝ ብላለች። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ታመጣልሻለች፤ እኔ ላድርስልሽ ብላት እንቢ ብላኛለች።