ደብረ ብርሃን ሥላሴ፦ ለሚጎበኝ ሰው

ጎንደር መጥቶ ፋሲል ግቢን ብቻ አይቶ የሚመለሰው ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግን ከፒያሳ በእግር ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ በባጃጅ የሚሄድ ከመሳፈሩ በፊት ዋጋውን ይነጋገር። የፋሲል ግቢ ትኬት እዚህ አያገለግልም፤ በር ላይ ሌላ ይቆረጣል።

አብዛኛው ጎብኚ የሚሳሳተው በሰዓት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ በምሳ ሰዓት የመጣ ሰው ደጅ ሊጠብቅ ይችላል። በዐቢይ ጾምማ ከቅዳሜና እሑድ በቀር እንዲሁ ነው። ወር በገባ በ7 የሥላሴ በዓል ስለሆነ ለመሳለም እንጂ ሥዕል ለማየት አይመችም፤ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ደግሞ መቆሚያም አይገኝ። የፍስክ ቀን ረፋድ ይሻላል።

ጫማ አውልቀው ሲገቡ ውስጡ ስለሚጨልም ዓይን እስኪለምድ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ይበሉ። ቀስ በቀስ ጣሪያው ይገለጣል፦ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ፣ ትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል እያዩ። 135 ናቸው ይባላል፤ ሊቆጥር የተነሣ ሁሉ መሃል ላይ ይጠፋበታል። ሰው አንገቱን አቅንቶ እነሱን ብቻ አይቶ ይወጣል እንጂ፣ ዋናው ሥራ የምሥራቁ ግድግዳ ነው። ከስቅለቱ በላይ ሥላሴ በሦስት ሽማግሌዎች አምሳል ተሥለዋል፤ የሦስቱም መልክ አንድ ነው። አስጎብኚዎች ድርቡሽ (የሱዳን የመሐዲ ጦር) በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን ንቦች አዳኗት የሚለውን ተርከው ቶሎ መውጣት ይወዳሉ። ታሪኩስ ደስ ይላል፣ ግን ለግድግዳው ጊዜ ይጠይቋቸው። ቤተ ክርስቲያኑን የተከሉት ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው፤ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ግን የእሳቸው ክብ ነበር፣ አራት ማዕዘኑ ኋላ የተሠራ ነው።

ፍላሽ ክልክል ነው። በስልክ የሚነሣው ፎቶ የሚደበዝዘው ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ፎቶውን ለማንሣት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድና በዚያ መሃል እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ ተቀምጠው ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ቢያስደግፉ ይጠራል። ግድግዳውን ግን አይደገፉ። ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ይላቀቃል፣ እጅ ሲበዛበትም ቀለሙ ይረግፋል።

ሲወጡ የቅጥሩን ግንቦች ይዙሩ። 12ቱ ክቦች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፣ 13ኛው፣ በአንበሳ አምሳል የተሠራው የመግቢያው ግንብ፣ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ የክርስቶስ። የአንበሳውን ጅራት የሚያገኙት በምዕራብ በኩል ባለው የቅጥር በር ላይ ነው፤ ካልጠየቁ የሚያሳይዎት አይኖርም።