ባይራክታር ወይስ ኤፍፒቪ? የዩክሬን ሁለት ድሮኖች

እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ሁሉም የሚያወራው ስለ ቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 ነበር። ዛሬ ግንባሩን የያዘችው ትንሿ ኤፍፒቪ ናት፤ ፈንጂ ተሸክማ ዒላማዋ ላይ የምትፈነዳ፣ በካሜራዋ እየታየ የምትነዳ ድሮን። የትኛው ይሻላል?

ዋጋ፦ አንድ ባይራክታር ሚሊዮኖች ዶላር ያወጣል። ኤፍፒቪ ጥቂት መቶ ዶላር።

አጠቃቀም፦ ባይራክታር የክንፉ ስፋት 12 ሜትር ነው፤ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ኤፍፒቪን ወታደሩ በቦርሳ ይዟት ይሄዳል። መነጽሩን ያጠልቃል፣ በድሮኗ ዓይን እያየ ዒላማው ድረስ ይነዳታል። ከዚያ ምስሉ ድርግም ይላል። በዚያኛው ጫፍ ሰው አለ። ይሄ ሁሌም ይከብደኛል።

አደጋ፦ ባይራክታር ትልቅና ቀርፋፋ ነው፤ የሩሲያ አየር መከላከያ ሲደራጅ በቀላሉ ይመታ ጀመር። የኤፍፒቪ ጠላት የሬዲዮ ጃሚንግ ነው፤ ድሮኗ የምትታዘዝበትን የሬዲዮ ሞገድ ማፈን ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ሁለቱም ወገኖች በሬዲዮ ፋንታ ትዕዛዝና ምስል የሚያልፍበት ቀጭን የፋይበር ገመድ እየተረተረች የምትበር ድሮን አመጡ። ገመዱ እርሻው ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይቀራል።

ጥገኝነት፦ ባይራክታር ከቱርክ ይመጣል። የኤፍፒቪ ሞተርና ባትሪ ደግሞ በብዛት የቻይና ነው፤ ቤጂንግ በ2023 የድሮን ኤክስፖርት ቁጥጥሯን አጥብቃለች። የአሜሪካ እርዳታ እስከ ኤፕሪል 2024 ኮንግረስ ውስጥ ለወራት ሲታገት፣ የመድፍ ጥይት እጥረቱን በከፊል የሸፈነችው ግን ኤፍፒቪ ናት።

አየር መከላከያ ለሳሳበት ሰፊ ቅኝት ባይራክታር ይሆናል። ምሽግ ለምሽግ ለተፋጠጠ ጦር ኤፍፒቪ።