የግሎሪያ ጌይነሩን ግዙ፣ የተረፈውን ብር ለመርፌ

ሸክላ ማጫወቻ የገዛ ወዳጄ ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው። «ኔቨር ካን ሴይ ጉድባይ»ን የማንን ልግዛ? የጃክሰን ፋይቭን፣ የአይዛክ ሄይስን፣ የግሎሪያ ጌይነርን ወይስ የኮሙናርድስን? ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ የምንገናኝ የዲስኮ ወዳጆች በዚህ ዘፈን ስንት ጊዜ ተኳርፈናል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከመለፍለፍ እዚህ ጽፌው ልገላገል።

መልሴ ጌይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሙሉ አልበም። (ከዚህ በታች ያሉት የዘፈኖቹ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ነጠላው፣ ማለትም ዘፈኑ ለብቻው የወጣበት ትንሹ ሸክላ፣ አይደለም። «የዲስኮ ምርጦች» የሚል ስብስብም አይደለም። ስለ ስብስቡ በኋላ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ዋናውን እንይ። ዘፈኑን የደረሰው ክሊፍተን ዴቪስ የተባለ ተዋናይ ነው። ጃክሰን ፋይቭ በ1971 ሲያወጡት ማይክል ገና 12 ዓመቱ ነበር። የዘፈን ደረጃ በሚያወጣው የአሜሪካ መጽሔት በቢልቦርድ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ። ያን የሚያህል ልጅ መለያየት አቃተኝ ብሎ ሲያንጎራጉር አንጀት ይበላል፣ አልክድም። ግን ዳንስ አያስነሳም። ነጠላው ሸክላ እኛ ጋ 900 ብር ይባላል። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ለደቂቃ 300 ብር መሆኑ ነው! በዚያ ላይ የአሜሪካ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ነጠላ) መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ መሃሉ የሚገባ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። አንዱ ሻጭ ያችን ቁራጭ ፕላስቲክ ለብቻዋ 400 ብር ብሎኛል። ቶርኖ ቤት ብታሠሩት ግማሹንም አያስወጣችሁ።

የሄይስ በዚያው በ1971 «ብላክ ሞዝስ» በተባለው ድርብ አልበሙ ላይ ነው። ቀስ ያለ፣ ወፍራም፣ ሌሊት ብቻውን ለሚያመሽ ሰው የተሠራ። ከመካከላችን አንድ አንጋፋ አለ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። «ዘፈኑ የሱ ነው፤ የሌላው ጭፈራ ነው» ይላል። ጋሼን በዚህ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። የኔ ችግር ከዘፈኑ ጋር ሳይሆን ከሽፋኑ ጋር ነው። ሽፋኑ ሲዘረጋ የመስቀል ቅርጽ ይይዛል፤ ሄይስ ካባውን ለብሶ እጆቹን ዘርግቶ ይታያል። ሰብሳቢዎች ገንዘብ የሚያፈሱት ለዚያ መስቀል ነው። ፒያሳ አንድ ሱቅ 9,000 ብር ጠሩልኝ። ስዘረጋው አንደኛው ክንፍ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ከሁለቱ ሸክላዎች አንዱ የለም። «የእርስዎ ዘፈን ያለው በዚህኛው ላይ ነው» አለኝ ሻጩ ፍርጥም ብሎ። ሽፋኑን ሳትዘረጉ፣ ሁለቱንም ሸክላ ሳትቆጥሩ ኪሳችሁ እንዳትገቡ።

አሁን ወደ ጌይነር። ቢልቦርድ በ1974 የዲስኮ ሰንጠረዥ ሲጀምር መጀመሪያ አንደኛ የወጣው የሷ ቅጂ ነው። በጃንዋሪ 1975 አልበሙ ተከተለ። የአልበሙ አንደኛ ገጽ ላይ ሦስት ዘፈኖች አሉ፤ «ሀኒ ቢ»፣ የኛው ዘፈን፣ ከዚያ «ሪች አውት አይል ቢ ዜር»። ሦስቱን ቶም ሙልተን የተባለ ባለሙያ እርስ በርስ አያይዟቸዋል። ገጹ በሙሉ ያለ እረፍት 19 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ዛሬ ዲጄ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው። ያኔ ግን የአልበም ገጽን እንዲህ ለጭፈራ ብቻ ማሰናዳት አዲስ ነገር ነበር። ከበሮው ሳያቋርጥ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ፣ በዚያ ላይ የሷ ድምፅ ሲመጣ፣ የተቀመጠ ሰው አይኖርም። ግጥሙ ያው የለቅሶ ግጥም ነው። እሷ ግን እየጨፈረች ነው የምታለቅሰው። ለኔ ከአራቱ የሚለያት ይሄ ነው።

ዋጋው። አልበሙ በጊዜው በብዛት የተሸጠ ስለሆነ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለው ቅጂ ብርቅ አይደለም። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ የተጠራልኝ 4,500 ብር ነው። ተከራክሬ በ2,200 ወሰድኩት። ያችን አንድ ገጽ ብቻ ብንቆጥር እንኳ ለደቂቃ 116 ብር ነው፤ የጃክሰኖቹን ሲሶ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ሁለተኛው ገጽ በምርቃት መጣ በሉት።

ሻጮች ዋጋ የሚሰቅሉበት ሁለት ምክንያት አላቸው። አንዱ ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር ከመቶ አልፎ ሄደ። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ሸክላ ሳይቀር «ዶላር ጨምሯል እኮ» ይባልበታል። ሁለተኛው የራሳችን ሸክላ ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባሉት የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈን ስብስቦች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከወጡ በኋላ ፈረንጆች የድሮዎቹን የሸክላ አሳታሚዎቻችንን፣ የአምሐ ሪከርድስን እና የካይፋን ሸክላዎች ማሳደድ ጀመሩ። እነዚያ ውድ ቢሆኑ እሰየው፣ ብርቅ ናቸው። ሻጩ ግን ያንኑ ዋጋ ለጌይነርም ሊጠራ ይፈልጋል። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እዚያ አገር እንደ ጉድ የተሸጠ ነው» በሉት። ይወርዳል።

ስትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻጩ ሸክላውን አውጥቶ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ሁለተኛውን ገጽ ነው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጭረት የሌለው። አዙሩት። ይሄ አልበም ጭፈራ ቤት ለጭፈራ ቤት የኖረ ስለሆነ አንደኛው ገጽ አልቆ ሁለተኛው እንደ አዲስ የሆነ ቅጂ ብዙ ነው። ያለቀ ገጽ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ጥቁረቱን ትቶ ግራጫ ይሆናል። ጣት ላይ ቅባት ቅባት የሚል፣ ከልኩ በላይ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ተወልውሎ ጭረቱ ተደብቋል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ነው ነገሩ። አጫውቱልኝ በሉ። ማጫወቻ የለኝም ካለ ዋጋው ይቀንስ።

ስለ ስብስቡ ልመለስ። አንዲት ጓደኛችን ስታዲየም አካባቢ የዲስኮ ንግሥቶች ምናምን የሚል ሸክላ በ1,800 ብር ገዝታ መጣች። ሽፋኑ ላይ የጌይነር ስም በትልቁ ተጽፏል። ስናጫውተው ከበሮው የማሽን ነው። ድምፁ የሷ ነው፣ ግን የበሰለ፣ የቸኮለ፣ ስሜት የሌለው። ሽፋኑን ገልብጠን በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን አነበብን። በዋናዋ ድምፃዊት እንደገና የተቀዳ ይላል። የዚያ ዘመን ዘፋኞች የድሮ ሥራቸው ባለቤትነት በኩባንያዎች እጅ ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ በርካሽ እንደገና ቀድተው ለስብስብ የሚሰጡት ብዙ ነው። ሕገ ወጥ አይደለም። ፎርጅድም አይባልም። ግን የፈለጋችሁት ዘፈን አይደለም። ትክክለኛው ቅጂ ቢገባበት እንኳ ስብስብ ላይ የሚገኘው ሦስት ደቂቃ የማይሞላው አጭሩ ነው። አንድ ገጽ ላይ ስምንት ዘጠኝ ዘፈን ሲታጨቅ ደግሞ መስመሮቹ ይቀጥናሉ፣ ድምፁ ይደክማል፣ ቤዙ ይጠፋል። ቤዝ የሌለው ዲስኮ ምን ያደርግላችኋል? የ1975ቱ አልበም መጀመሪያ የወጣው ኤምጂኤም በተባለው ኩባንያ ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አንብቡ።

ኮሙናርድስ በ1987 ነው የሠሩት። እንግሊዝ ውስጥ አራተኛ ወጣ። ድምፃዊያቸው ጂሚ ሶመርቪል በዚያ ቀጭን ድምፁ ጣራ ይነካል። ኪቦርዱን የሚጫወተው ሪቻርድ ኮልስ ኋላ የአንግሊካን ቄስ ሆነ፤ እንዲህም አለ። ትልቁ የ45 ዙር ሸክላ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ ድምፁ ኃይለኛ ነው። 1,200 ብር አካባቢ ይገኛል፣ ብዙም አይቧጠጥም። ጌይነር ከጠፋች ይሄን ያዙ።

ቀሪው ብር ለማጫወቻው ይሁን። ሰው ጥሩ ሸክላ ገዝቶ በሻንጣ ማጫወቻ ያርሰዋል። የነዚያ መርፌውን የያዘው ክንድ ይከብዳል፤ ከበድ ያለ ቤዝ ሲመጣ ደግሞ መርፌው ይዘላል። ያለቀ መርፌ ለ2,200 ብር ሸክላ ጠላት ነው። የደህና ማጫወቻ መርፌ ቀይሩ፣ 1,500 ቢያስወጣችሁም።

ዘመድ ከአሜሪካ ማጫወቻ ካመጣላችሁ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እዩ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በመብራቱ ኸርዝ ልክ የሚዞር የድሮ ሞተር ከሆነ በስድስተኛ ያህል ይዘገያል። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል። አንድ ወዳጃችን ቤት ይሄ ደርሶ ጌይነር የወንድ ድምፅ አወጣች፣ ዲስኮውም ተመልሶ ባላድ ሆነ። ጋሼ ብቻ ደስ አለው። መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለውን ፑሌጃ በአምስተኛ ያህል ወፍራም በሆነ መቀየር ነው። መርካቶ ያለ ቶርኖ ቤት አሮጌውን ናሙና ይዛችሁ ብትሄዱ ይሠራላችኋል፤ ለወዳጃችን 700 ብር ነው የጠየቁት። ቺንጋውን ግን ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ ልግጠምላችሁ የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። ጎማው እኩል ስለማይወጠር ድምፁ ይዋልላል፤ ረጅም ቫዮሊን ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ጌይነርን ከነሽፋኗ፣ አንደኛው ገጽ ጥቁር ሆኖ ካገኛችሁ እስከ 2,500 ድረስ ክፈሉ። ከዚያ በላይ ካለ ስልክ ቁጥራችሁን ትታችሁለት ውጡ። እኔን በሳምንቱ ራሱ ነው የደወለልኝ።